ማቴዎስ 16፥18ን ለወጣቶች ስናስተምር፦ ዓለቱ፣ መክፈቻዎቹና «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት»

ቀሃ_ሰንበት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ጎንደር ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከ16 እስከ 20 ዓመት ላሉት፣ የቤተ ክርስቲያንን መሠረትና ሥልጣን ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳይ የ4 ሳምንት ጥናት እየተዘጋጀ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 50 ደቂቃ። መነሻው ማቴዎስ 16፥13-20 ነው፤ ጌታ ለጴጥሮስ «በዚህች ዓለት ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ፣ የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም» ብሎ የመንግሥተ ሰማያትን መክፈቻዎች እንደሚሰጠው የተናገረበት። ልጆቹ ጥቅሱን በቃላቸው ይዘውታል። «ዓለቱ ማን ነው?» ሲባሉ ግን አንዱ ጴጥሮስ፣ አንዱ ክርስቶስ፣ አንዱ እምነት ይላል፤ ሰዓቱ በዚሁ ያልቃል። መምህራን፣ ከየት እንጀምር? መክፈቻዎቹስ ምንድን ናቸው፤ ለጴጥሮስ ብቻ ነው የተሰጡት? አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱበትን ቦታ ብትጠቁሙን ዝግጅቱን ከወዲሁ እናርመዋለን።

ዘአበራ፦

እህታችን፣ መልካም ነገር ጀምራችኋል። ከሁሉ በፊት ንባቡን በቁጥር 20 አታቁሙት፤ እስከ 23 ይነበብ። በ18 «አንተ ጴጥሮስ ነህ» የተባለው ሐዋርያ ከ5 ቁጥር በኋላ «ዕንቅፋት ሆነህብኛል» ተብሏል። ያው ሰው፣ ያው ምዕራፍ። በ17 እንደ ተነገረው አብ የገለጠለትን ሲናገር ዓለት ተባለ፤ መስቀሉ እንዲቀር የሰውን አሳብ ሲናገር ዕንቅፋት ተባለ። ይህን ያላየ ተማሪ ወይ ጴጥሮስን ከሰው በላይ ያደርገዋል፣ ወይ የተሰጠውን ክብር ይነሣዋል። ሐዋርያው ራሱ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ስለ ሕያው ድንጋይ ሲጽፍ «የዕንቅፋት ዓለት» የሚለውንም ቃል አብሮ ማንሣቱን አስተውሉ።

ከዚያ ወደ ነጠላው፣ ወደ ቃሉ ቀጥተኛ ንባብ፣ ግቡ። በጎንደር ጉባኤ ቤት ንባቡ ሳይቀና «አንድም» ተብሎ ወደ ትርጓሜ አይገባም፤ እናንተም ይህን ሥርዓት ያዙ። ልጆቹ እርሳስ ይዘው በ18 ውስጥ ባለቤቱንና ግሡን ያስምሩ። «እሠራለሁ» ያለው ማን ነው? ክርስቶስ። «ቤተ ክርስቲያኔን» ሲል የማን ናት? የእርሱ። ጴጥሮስ እዚህ ላይ ሠሪ አልተባለም፣ ባለቤትም አልተባለም። ግእዙ «ወዲበ ዛቲ ኰኵሕ አሐንጻ ለቤተ ክርስቲያንየ» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «የ» ባለቤቱን ይዛለች። ይህ ከተያዘ የዓለቱ ክርክር ግማሹ ይረግባል፤ ምክንያቱም የትኛውም መልስ ቢሰጥ ሠሪውና ባለቤቱ አይለወጡም።

ቀጥሎ «የገሃነም ደጆች»። ብዙዎቻችን የምናነበው አማርኛ ገሃነም ይላል፤ ግእዙ ግን «አናቅጸ ሲኦል» ነው፤ ጽርዑም (ግሪኩም) ሐዴስ ነው የሚለው፤ ገሃነም አላለም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሕዝቅያስ በኢሳይያስ 38፥10 ወደ ሲኦል በሮች እገባለሁ ሲል «መሞቴ ነው» ማለቱ ነበር። እንግዲህ ተስፋው ሞት ቤተ ክርስቲያንን አይችላትም የሚል ነው፤ ሐዋርያው ይሞታል፣ ጳጳሱ ይሞታል፣ ምእመኑ ይሞታል፣ እርሷ ትኖራለች። ጌታም ወዲያው በ21 ስለ ሞቱና ስለ ትንሣኤው መናገር ጀመረ። ይህን ካላሳያችኋቸው ልጆቹ አጋንንት በር ይዘው ሲዋጉ ይስሉና የምዕራፉ ሐረግ ይበጠስባቸዋል።

ስለ ዓለቱ አባቶችም በአንድ ቃል ብቻ አልተናገሩም። ዮሐንስ አፈወርቅ ማቴዎስን ሲተረጉም ዓለቱን የምስክርነቱ እምነት ነው ይለዋል። አውግስጢኖስ አስቀድሞ ጴጥሮስ ነው ብሎ፣ በኋላ ጴጥሮስ የመሰከረለት ክርስቶስ ነው ወደሚለው አዘነበለ፤ በእርጅናው ሥራዎቹን ሲያርም ሁለቱንም አስቀምጦ ምርጫውን ለአንባቢ ተወ። የካርታጎው ቆጵርያኖስ ደግሞ ጴጥሮስን የአንድነት መነሻ አድርጎ ያየዋል፤ ግን ሌሎቹ ሐዋርያት በክብርም በሥልጣንም ከእርሱ ጋር እኩል ናቸው ይላል። ስለዚህ ክፍሉን በሦስት ከፍላችሁ እጅ አታስወጡ። የተመሰከረለት ክርስቶስ ነው፤ ምስክርነቱ እምነት ነው፤ የመሰከረው ጴጥሮስ ነው። አፍ የሌለው ምስክርነት የለም፤ የሚመሰከርለት የሌለውም አፍ ከንቱ ነው።

ማራኪ_44፦

ወንድም ዘአበራ፣ ስለ ባለቤትነቱ ያልኸውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝና የእኛን ንባብ ላስቀምጥ። በግሪኩ «ጴጥሮስ» ተነቃይ ድንጋይ፣ «ጴጥራ» ደግሞ የማይነቃነቅ ዓለት ነው ተብለን ተምረናል። ቃላቱ ከተለያዩ ዓለቱ ጴጥሮስ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ከኢየሱስ ክርስቶስ በቀር ሌላ መሠረት ማንም ሊመሠርት እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። ታዲያ ሰው መሠረት መባሉ ከዚህ ጋር አይጋጭም?

ዘአበራ፦

ወንድሜ፣ የቃላቱ ነገር በደንብ መታየት አለበት፤ በእኛም በእናንተም በኩል ከአቅሙ በላይ ይጫንበታልና። «ጴጥራ» በጽርዕ ሴቴ ነው፤ ለወንድ ስም ሲሆን ወንዴ ቅርጽ ይዞ «ጴጥሮስ» ይሆናል። ትንሽ ድንጋይ ለማለት ቢፈለግ «ሊቶስ» የሚል የተለመደ ቃል ነበረ። ጌታ የሰጠው ስም ደግሞ ኬፋ ነው፤ ዮሐንስ በምዕራፍ 1 ጽፎታል፤ ጳውሎስም ለገላትያ ሲጽፍ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በዚያ ቋንቋ ስሙም ዓለቱም ኬፋ ነው፤ የሶርያው ትርጉም ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቃል ነው የጻፈው። ስለዚህ ክርክሩን በትንሽና በትልቅ ድንጋይ ላይ የመሠረተ፣ በሁለት ፊደል ላይ መሠረተው።

ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው። መልሱ ሐዋርያት ሥዕሉን ይለዋውጡታል የሚል ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3 ጳውሎስ የአናጺ አለቃ ነው፣ ክርስቶስ መሠረት። በኤፌሶን 2፥20 ሐዋርያትና ነቢያት መሠረት ናቸው፣ ክርስቶስ የማዕዘኑ ራስ። በማቴዎስ 16 ክርስቶስ ራሱ ሠሪ ነው። በራእይ 21፥14 የከተማይቱ ቅጥር 12 መሠረት አለው፤ የ12ቱ ሐዋርያት ስም ተጽፎበታል። አራቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ስትስላቸው ነው የሚጋጩት። እያንዳንዱን በየቦታው ብታነብ ሐዋርያት መሠረት የሚባሉት በዋናው መሠረት ላይ ስለ ተቀመጡ ነው፤ ከእርሱ ጎን ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው አይደለም።

ማራኪ_44፦

ስለ ኬፋ ያልኸው ትክክል ነው፤ የቃላቱን ክርክር ትቼዋለሁ። የአራቱ ሥዕል ነገርም ለእኛም ክፍል ይጠቅማል።

የድንጋይ_ግንበኛ፦

መሠረትና ማዕዘን ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቹ በእጃቸው ቢሞክሩት አይረሱትም። ድንጋይ ሲገነባ ግድግዳው ከመሐል አይጀመርም። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ፊታቸው የተጠረበ ድንጋይ ይመረጥላቸዋል። በውሃ ልክ ይስተካከላሉ፣ ቱንቢ ይጣልባቸዋል፣ ከማዕዘን ማዕዘን ሲባጎ ይወጠራል። መሐሉ የሚሞላው ያን ሲባጎ እያዩ ነው። የመጀመሪያው ማዕዘን 1 ሳንቲሜትር ከዞረ ሲባጎው አብሮ ይዞራል፤ ሌላው ድንጋይ ሁሉ በትክክል ቢቀመጥም ቤቱ ጠማማ ይሆናል። ስሕተቱ ደግሞ ከታች አይታይም፤ ጣሪያ ሲመታ ነው የሚወጣው።

ኢሳይያስ 28፥16-17 ይህንኑ ነው የሚለው። በ16 እግዚአብሔር በጽዮን የማዕዘን ድንጋይ ያኖራል፤ በ17 ወዲያው ገመድና ቱንቢ ይመጣሉ፤ ገመዱ ፍርድ፣ ቱንቢው ጽድቅ። ሰዎች 16ን ጠቅሰው 17ን ይተዉታል። ማዕዘኑ ክርስቶስ ከሆነ ሐዋርያትም ጳጳሳትም እኛም የምንለካው በእርሱ ሲባጎ ነው። ለሙከራው 4 ጡብ፣ 3 ሜትር ሲባጎና ክር የታሰረበት ብሎን ይበቃል። አንዱን የማዕዘን ጡብ ሆን ብላችሁ አዙሩትና ቀሪውን እነርሱ ይደርድሩት። ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ቀሃ_ሰንበት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። የጡቡን ሙከራ 1ኛው ሳምንት ላይ አስገብተነዋል። ወደ መክፈቻዎቹ ብንሄድስ?

ፊደል_አራዳ፦

ለመክፈቻዎቹ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ኢሳይያስ 22፥15-25 ነው። ብዙ ክፍሎች ይዘሉትና መክፈቻ ምን እንደሆነ ከራሳቸው ይገምታሉ። እዚያ የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ከሹመቱ ይሻራል፤ በእርሱ ፋንታ ኤልያቄም ይሾማል፤ «የዳዊትንም ቤት መክፈቻ በጫንቃው ላይ አኖራለሁ» ይባላል። በጫንቃ መባሉ የሹመት ሸክም ነው። ኤልያቄም ንጉሥ አልሆነም፤ በንጉሡ ቤት ላይ የተሾመ መጋቢ ነው። በራእይ 3፥7 የዳዊት መክፈቻ በክርስቶስ እጅ ነው፤ ለጴጥሮስ «እሰጥሃለሁ» ያለውም ይኸው ባለ መክፈቻ ነው። ንጉሡ ለመጋቢው መክፈቻ ቢሰጥ ዙፋኑን አልሰጠም። የዚያው የኢሳይያስ ክፍል መጨረሻ ደግሞ በታመነው ስፍራ የተተከለ ችንካር እንኳ እንደሚወልቅ ይናገራል። ሹመት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ልጆቹ እዚህ ጋ ይወቁ።

መክፈቻው ምን ይሠራል? ሉቃስ 11፥52 «የእውቀት መክፈቻ» የሚል ሐረግ አለው፤ ማቴዎስ 23፥13 ደግሞ መንግሥተ ሰማያትን በሰው ፊት የሚዘጉትን ይወቅሳል። ስለዚህ አንዱ ሥራው ማስተማር ነው፤ በትክክል ያስተማረ ይከፍታል፣ ያጣመመ ይዘጋል። ሌላው ይቅርታ ነው፦ ዮሐንስ 20፥22-23። በ16፥19 ያለው ማሰርና መፍታት በአይሁድ መምህራን አነጋገር መከልከልና መፍቀድ፣ ከማኅበር ማውጣትና መመለስ ነበር፤ ሁለቱም አሳብ በወንጌሉ ውስጥ አለ።

ለጴጥሮስ ብቻ ነው ወይ ላላችሁት፣ ግሡን ተከተሉ። በ16፥19 «እሰጥሃለሁ» ለአንድ ሰው ነው፣ ገና የሚመጣ ነው። በ18፥18 «የምታስሩት» ለብዙ ነው። በዮሐንስ 20 ከትንሣኤ በኋላ እፍ ብሎባቸው «ይቅር ያላችኋቸው» አለ፣ እዚህም ለብዙ ነው። ለጴጥሮስ አስቀድሞ በስሙ የተነገረው ለሐዋርያት ሁሉ ተሰጠ። ጴጥሮስ ግን በዚህ ምክንያት ከመስመሩ አይወጣም፤ የሐዋርያት ስም ሲዘረዘር ሁልጊዜ ፊተኛው ነው።

እንዴት እንደ ተጠቀመበት ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ያሳያል። በምዕራፍ 2 ለአይሁድ ከፈተ፣ ሦስት ሺህ ያህል ነፍስ ተጨመረ። በምዕራፍ 8 ለሰማርያ፤ ቁጥር 14 ግን ሐዋርያት ጴጥሮስንና ዮሐንስን «ሰደዱላቸው» ይላል። ፊተኛው ሐዋርያ በጉባኤው ይላካል ማለት ነው። በምዕራፍ 10 ለአሕዛብ፤ ወዲያው በ11፥2-4 ወንድሞች ተከራከሩት፣ እርሱም «እኔ ጴጥሮስ ነኝ» ብሎ ዝም አላሰኛቸውም፤ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው በተራ ነገራቸው። ይህ ክፍል ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ከብዙ ስብከት ይልቅ ይናገራል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ምዕራፍ 15ን በሰሌዳ ላይ በቅደም ተከተል ጻፉት፦ ጴጥሮስ ይናገራል (7)፣ በርናባስና ጳውሎስ ይተርካሉ (12)፣ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቅሶ ፍርዱን ይሰጣል (13-21)፣ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጋር ይስማማሉ (22)፣ ደብዳቤው «ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ» ብሎ ይወጣል (28)። በአንድ ሰው ስም ብቻ የወጣ አይደለም።

አዘዞ_ታሪክ፦

ይህ ጉዳይ ለጎንደር የመጽሐፍ ላይ ክርክር ብቻ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1626 ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት የመገዛት መሐላ አስፈጸመ። የዚህ ሁሉ መሠረት የማቴዎስ 16 ንባብ ነው፦ መክፈቻው በጴጥሮስ በኩል በሮም መንበር ብቻ አለ የሚል። ከዚያ የተከተለው ነገር የትርጓሜውን ክብደት ያሳያል፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ተደረገ። ከእስክንድርያ የመጣው ክህነት ትክክለኛነቱ ጥያቄ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ብዙ ደም ፈሰሰ። ሱስንዮስ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ፤ ጎንደር ከ4 ዓመት በኋላ ተቆረቆረች። ሮም ይህን ንባብ በይፋ ድንጋጌ ያደረገችው በ1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ነው።

ሌላም የጎንደር ምልክት አለ፦ አቡን ቤትና እጨጌ ቤት የሚባሉት ሰፈሮች። አቡኑ ከግብፅ የሚመጣ፣ ክህነት የሚሰጥ ነው፤ እጨጌው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ የገዳማት አለቃ ነው። የመሾም ሥልጣንና የማስተዳደር ሥልጣን በሁለት ሰው እጅ ነበር። ወጣቶቹ ሥልጣን ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ለማየት ሰፈሩን በእግራቸው ቢዞሩት ይበቃል።

ማራኪ_44፦

ለዚህ ታሪክ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ ላንሣ፤ በቅንነት ነው። ሐዋርያት ሞቱ። መክፈቻው ከዚያ በኋላ የት ነው? እኛ በተጻፈው ቃል ውስጥ ነው እንላለን፦ 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስን ሳይቀር በመጻሕፍት መርምረውታል (የሐዋርያት ሥራ 17፥11)። በአንብሮተ እድ (እጅ በመጫን) የሚተላለፍ ሥልጣን ቢሳሳት ማን ያርመዋል?

ዘአበራ፦

ቅን ጥያቄ ነው፤ ቀጥታ ልመልስ።

2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16ን ስታነብ 2፥2ን አስቀድም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ፣ ጢሞቴዎስ ለታመኑ ሰዎች፣ እነርሱ ደግሞ ለሌሎች፤ በአንድ ቁጥር ውስጥ አራት ትውልድ አለ። በ1፥6 ደግሞ «እጆቼን በመጫኔ» የተሰጠ ስጦታ አለ። በቲቶ 1፥5 ቲቶ በቀርጤስ የተተወው በየከተማው ሽማግሌዎችን ሊሾም ነው። 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15 በቃልም በመልእክትም የተማሩትን ወግ እንዲይዙ ያዛል። የአደራው መንገድ እንግዲህ ጽሑፍና ሰው አንድ ላይ ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥15 ቤተ ክርስቲያንን የእውነት ዓምድና መሠረት ይላታል። ዓምድ እውነትን ይሸከማል እንጂ አይፈጥርም፤ ይህን እኛም በኃይል ልንናገረው ይገባል።

ማን ያርመዋል ላልኸው፣ ሥርዓቱ ራሱ ብቻውን የሚቆም ሰው እንዳይኖር አድርጎ የተሠራ ነው። በሐዋርያት ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ በሁለት ወይም በሦስት ኤጲስ ቆጶሳት ይሾማል፤ ቄስና ዲያቆን በአንድ። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ 4ኛው ቀኖና ቢያንስ ሦስት እንዲገኙ፣ ያልተገኙትም በጽሑፍ እንዲስማሙ ያዛል። አገራችን ለዘመናት አንድ ግብፃዊ አቡን ብቻ ስለነበራት ዲያቆንና ቄስ በብዛት ተሾሙ፤ ጳጳስ ግን ከእስክንድርያ ብቻ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀው አባ ሰላማ ከቅዱስ አትናቴዎስ ተቀብሎ ያመጣው ሰንሰለት እንዳይበጠስ ነው።

ያም ሆኖ ሰንሰለቱ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ጳውሎስ በገላትያ 2፥11 ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል። በሐዋርያት ሥራ 20፥28 መንፈስ ቅዱስ የሾማቸው ጳጳሳት ናቸው፤ በ20፥30 ግን «ከራሳችሁም መካከል» ጠማማ ነገር የሚናገሩ ይነሣሉ ተባሉ። በሹመቱ ሰንሰለት ውስጥ ሆኖ መሳት ይቻላል። ስለዚህ የቤርያ ሰዎችን አሳብ አልጥለውም። መጻሕፍት ይመርምሩናል፤ ግን የቤርያ ሰዎችም የመረመሩት በምኵራብ፣ በጉባኤ፣ የተላከላቸውን ሐዋርያ እየሰሙ ነው።

ማራኪ_44፦

በመጨረሻው ላይ አንድ አይደለንም፤ እኔ ቃሉ ከጉባኤውም በላይ ዳኛ ነው እላለሁ። ነገር ግን 20፥28ን ከ20፥30 ጋር አንብቦ የሚያስተምር መምህር እንዲበዛልን እመኛለሁ፤ በሁለታችንም ቤት።

ወለተ_ኪዳን፦

የማቴዎስ 18፥15-18 ክፍል በጥናታችሁ ውስጥ ራሱን የቻለ ሳምንት ይገባዋል። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃል የሚገኘው በሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ 16፥18 እና 18፥17። የመጀመሪያው እንዴት እንደምትገነባ፣ ሁለተኛው ሰው ሲበድል ምን እንደምታደርግ ይናገራል።

ደረጃው ሦስት ነው። አንደኛ፣ «አንተና እርሱ ብቻችሁን»። በብዛት የሚዘለለው ይህ ነው። ሰው በዳዩን ሳያናግር ለጓደኛ፣ ለሰበካ ጉባኤ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ለቡድን ይነግራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይበላሻል፤ ምክንያቱም በዳዩ ስሙን ለማዳን መከራከር ይጀምራል እንጂ ጥፋቱን አያይም። የዚህ ደረጃ ግብ «ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» የሚል ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ። ከዘዳግም 19፥15 የመጣ የምስክር ሕግ ነው። ስሕተቱ የራስን ወገን መርጦ መውሰድ ነው። ምስክሮቹ በዳዩንም ይሰሙታል፤ ከሳሹ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እርሱንም ይወቅሱታል። በሽማግሌ ላይ ክስ ሲመጣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ይኸንኑ ቁጥር ይደግማል፤ በ20 ደግሞ ኃጢአት የሠሩት በሁሉ ፊት ይገሠጹ ይላል፤ 19ን ለመሸፈኛ የሚጠቀም 20ን ማንበብ አለበት።

ሦስተኛ፣ «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት»። አማርኛው «ንገራት» ሲል እናትን እንደ መንገር ነው። «እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ» የሚለውን ልጆቹ ጥላቻ አድርገው እንዳይወስዱት፤ ይህን የጻፈው ማቴዎስ ራሱ ቀራጭ ነበር፤ ጌታ ከቀራጮች ጋር በልቷል። ከኅብረቱ ይለያል፣ እንደገና ግን ይጠራል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 5 የተለየውን ሰው ይመስላል ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6-8 ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት ያለው። መፍታትን ሳያስተምሩ ማሰርን ማስተማር ግማሽ መክፈቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ክፍል ከንስሐ ጋር አታደባልቁት። ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ወደ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛውም ደረጃ አይወጣም። ነፍስን ወይም ሕፃንን የሚጎዳ ወንጀል ሲኖር ደግሞ «ብቻችሁን ሁናችሁ ውቀሰው» ብሎ የተጎዳውን ሕፃን ወደ ጎጂው መላክ የጥቅሱ አሳብ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ ይጠበቃል፣ ሕግም ይጠራል። ይህን ሳትናገሩ ክፍሉን አትዝጉ።

ቀሃ_ሰንበት፦

ስለ ሕፃናቱ ያልሽው በጽሑፍ ገብቷል፤ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ከሁላችሁ ምክር የወጣው ዕቅድ ይህ ነው፤ እዩልን።

1ኛ ሳምንት፦ ማቴዎስ 16፥13-23፣ ነጠላ ንባብ 25 ደቂቃ፣ የጡብና የሲባጎ ሙከራ 10 ደቂቃ፣ ጥያቄ 15 ደቂቃ። 2ኛ፦ ኢሳይያስ 22፥15-25፣ ዮሐንስ 20፥19-23፣ የሐዋርያት ሥራ 10 እና 11። 3ኛ፦ ማቴዎስ 18፥15-18 ከ2ኛ ቆሮንቶስ 2 ጋር። 4ኛ፦ የሐዋርያት ሥራ 15 እና የጢሞቴዎስ መልእክታት፣ ከዚያ አቡን ቤትና እጨጌ ቤትን መጎብኘት።

ፊደል_አራዳ፦

2ኛው ሳምንት ከብዷል። የሐዋርያት ሥራ 10 ብቻውን 48 ቁጥር ነው፤ ሲነበብ ሰዓቱን ይበላል። 10ን ለቤት ንባብ ስጧቸው፤ በክፍል 11፥1-18 ብቻ ይነበብ፤ ጴጥሮስ ራሱ ታሪኩን አሳጥሮ ይደግመዋልና ምንም አይቀርባችሁም። ጉብኝቱን ከ4ኛው ሳምንት አውጥታችሁ ለብቻው ቀን ስጡት፤ በ50 ደቂቃ ውስጥ ጉባኤውም ጉዞውም አይገባም።

የድንጋይ_ግንበኛ፦

ለሙከራው ጡቡ ደረቅ መሬት ላይ ይሁን፣ ምንጣፍ ላይ ውሃ ልክ አይሠራም።

ዘአበራ፦

ሌላ ትንሽ ነገር። ለ1ኛው ሳምንት ግንበኞች የናቁትን ድንጋይ መዝሙር ከጨመራችሁ፣ ግማሾቹ ልጆች የግእዝ ዳዊት ሊይዙ ስለሚችሉ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉላቸው። በግእዙ ዳዊት 117፥22 ነው፤ «እብን ዘመነንዋ ነደቅት»። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 118፥22 ላይ ያገኙታል። ካልተጻፈላቸው ግማሹ ክፍል ሌላ መዝሙር ገልጦ ይቀመጣል።

ቀሃ_ሰንበት፦

ሁለቱንም ቁጥር ጽፈናል። 10ኛው ምዕራፍ ለቤት ንባብ ሆኗል፤ ጉብኝቱም ለብቻው ቀን ተይዞለታል።